ዘንገናን ለሰው የሰጠሽ ዕለት

የኔዋ የሻረግ፣

ከተለየሽኝ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ጠባ። እንዴት ነሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ባለሽበት ብርድም ቁርጥማትም የለም ይላሉና ከእኔ አንቺ ትሻያለሽ። ቆሰበር ያው ቆሰበር ናት፤ አደይ አብቦም ዝናቡ አልተወንም። እኔ አለሁ። የቀኝ ዓይኔ ደከም ስላለ መስመሩ ቢንጋደድ እንዳትታዘቢኝ። በሕይወትሽ ፊደል ባትቆጥሪም እዚያ የሚያነብልሽ ቄስ አይጠፋም። ብቻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንብብልሽ፤ የምጽፍልሽ ለናፍቆት ብቻ አይደለምና። ተቀይሜሻለሁ።

መጀመሪያ የመጦሪያውን ወሬ ልንገርሽ። አልጋሽን ከአዲስ ቅዳም ለመጣች አንዲት አሮጊት ሰጧት። ስታንኮራፋ እኛ ወንዶቹ ክፍል ድረስ ይሰማል። እኔን ደስ ይለኛል፤ ያንቺን ቦታ የያዘ ሰው እንከን እንዲኖረው እፈልጋለሁ። በራስጌሽ በኩል ያፈስ የነበረውን ቆርቆሮ ደብሩ አሠራው፤ አንቺ እያለሽ ቢያደርጉት ምን ነበር። ግቢው ውስጥ በእጅሽ የቆፈርሽውን የገበጣ ጉድጓድ ጎርፍ ደፈነውና ሌላ ቆፈርን። ጠጠሮቹ ግን ያንቺው ናቸው። እኔ ነኝ የማስቀምጣቸው።

ቁስላችንን የሚያጥብልን ድሬሰራችን አመሉን አልተወም። ሽማግሌ ከተኛ አይነሳም የሚል እምነት ስላለው ከምሳ በኋላ ሁላችንንም እየቀሰቀሰ ፀሐይ ላይ ያስቀምጠናል፤ ጨዋታን እንደ ክኒን ነው የሚያዝልን። አሁን ደግሞ ጨርቅ ጠቅልሎ ኳስ ሠርቶልን ክብ ሠርተን ተቀምጠን እንወራወራለን። ኳሱን የጣለ ሰው ይዘፍናል። እኔ ነፍሴ ብትወጣ አልጥልም፤ ድምፄን ታውቂዋለሽ። ከባንጃ የመጡት ሽማግሌዎች ያንን ረጅም አግዳሚ ወንበር እንደ ፈረስ ተፈናጠው በሸምበቆ ጉግስ ይጫወታሉ፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በመሶብ ክዳን ይመክታል። ከወንበሩ የወደቀ ሞተ ይባላል። ባለፈው እሁድ አንዱ ሞቶ ወገቡን በቅቤ ስናሸው ዋልን።

የሁሉም አለቃ ያው አያ ፈንቴ ነው። አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በፈረሰኝነቱም አገር ያወቀው ሰው ነው። ግን ብዕሬ እምቢ አለ። በዚያ ዕድሜው ጥርሱ አንድም አልጎደለም። በዚህ ቤት ውስጥ ጥርስን ሙሉ ይዞ መሳቅ ራሱ ትዕቢት ነው። ደግሞ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ አያደርግም።

አንቺ ግን ከእሱ ጋር ስትስቂ መኖርሽን አልረሳሁም። ሰው ፊት ሁልጊዜ እኔን እርስዎ ነበር የምትይኝ፤ አንተ የምትይኝ በራችን ሲዘጋ ብቻ ነው። እኔም ይህ የኛ ምስጢር ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። እዚህ ከገባን በኋላ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከአያ ፈንቴ ጋር እንቆቅልሽ ጀመራችሁ። እንቆቅልሽ ደግሞ እርስዎ አያውቅም። ምን አውቅልህ ትይዋለሽ፣ ምን አውቅልሽ ይልሻል። ይባስ ብላችሁ በአገውኛ ታደርጉታላችሁ። ይህን ሁሉ ዘመን አገርሽ ኖሬ ገበያ የምገዛበትን ያህል ነው የተማርኩት፤ እንቆቅልሻችሁ ላይ ስደርስ ውሃ እንደ ገባው ጆሮ ነው የሚሆንብኝ። ሁለታችሁ ትስቃላችሁ፣ እኔ ጠጠር እቆጥራለሁ። ምን ብሎሽ ነው ስልሽ ወደ አማርኛ ሲመለስ አያስቅም ትይኛለሽ።

የኛን እንቆቅልሽ ረሳሽው? ዳንግላ ፍርድ ቤት ደጃፍ ዛፍ ሥር ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ነው ያገኘሁሽ። አባትሽ የዘንገናን መሬት ጉልበተኛ ሊነጥቃቸው ሆኖ መጡ፤ አንቺ ስንቁን ተሸክመሽ ከኋላቸው ቆመሻል። ያን አቤቱታ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስጽፍ ዓይኔ ወደ አንቺ እየሸሸ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። መሬቱ ተመለሰ፣ እኔም መሬቱን ተከትዬ መጣሁ፤ የቢቸናው ልጅ በሚስቱ አገር ገባ እየተባልኩ ከዘንገና ሐይቅ በላይ ካለው ቤታችሁ አጠገብ ጎጆ ወጣሁ።

ማታ ማታ እሳቱ ዳር እንቆቅልሽ እልሻለሁ። ሲያቅትሽ አገር ስጪኝ እልሻለሁ። ዳንግላን ሰጠሽኝ፣ ጫግኒን ከነሙቀቷ ሰጠሽኝ፣ ጎንደርን ሰጠሽኝ፣ ያላየሽውን አዲስ አበባን ሳትሳሺ ሰጠሽኝ። እኔም አገሩ ገብቼ ማሩ ለእኔ ሰፈፉ ለአንቺ እያልኩ እኩራራብሻለሁ። ዘንገናን ስጪኝ ስልሽ ግን ፊትሽ ይለወጣል። የአባቴን አገር በጨዋታ አልሰጥም ትይኛለሽ። ለምኜሽ ነበር፣ ተኮራርፈንበት ያደርንበትም ቀን አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለሽ ትስቂብኝ ነበር፤ የወረቀት ሰው ስለሆንኩ ሁለቱንም ነህ ማለትሽ ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ያጽናናኝ ነበር። ለእኔ ካልሰጠሽኝ ለማንም አትሰጪም ብዬ አምን ነበር።

አርባሽ ወጥቶ ወደ ጨዋታው በተመለስኩ ሰሞን ነው ጉድሽን የሰማሁት። የአዲስ ቅዳሟ አሮጊት ሳይታሰብ አያ ፈንቴን ረታችው። አገር ስጠኝ አለችው። ደብረ ማርቆስን ሰጣት፣ አልፈልግም አለች። ባሕር ዳርን ሰጣት፣ ራቀኝ አለች። እንግዲያው ቅርቧን ዘንገናን ስጠኝ ስትለው ሰውዬው ቆፍጠን ብሎ ዘንገናንስ አልሰጥም፣ የሻረግ የሰጠችኝ አገር ናት አለ። የጎረስኩት ዳቦ ትን አለኝ። ድሬሰሩ ትን አለው ብሎ ጀርባዬን ይመታኛል፤ ትን ያለኝ ዳቦው እንዳልሆነ ማን ይንገረው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዬ አንድ ሆነ፤ ዘንገናን ከሰውዬው እጅ ማስመለስ። አንድ ጊዜ በብዕር አስመልሻታለሁ፣ አሁን በአፌ ለምን ያቅተኛል አልኩ። የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ፣ ሲሆን ሲሆን ጠላልፌ ጠላልፌ እጠይቀዋለሁ ብዬ ሌሊቱን ሳዘጋጅ አድሬ እመጣለሁ። ሰውዬው ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ይመልሰዋል። የእሱን ደግሞ እኔ አልመልስም፤ ስለ ፈረስና ስለ እርሻ ነው የሚጠይቀኝ፣ እኔ ስለ ፈረስ የማውቀው ከጀርባው በየት በኩል እንደሚወደቅ ነው። ዳንግላ ሄደች። ጎንደር ሄደች። ባለፈው ሳምንት የተወለድኩባትን ቢቸናን ወሰደብኝና እዚያ ገብቶ ምን እንደ በላ ሲዘረዝር ባንጃዎቹ በሳቅ ወንበራቸውን ሊሰብሩት ነበር። በሚስቴም አገር በእናቴም አገር እሱ ተቀመጠ።

ትናንት ያለኝ እንቆቅልሽ ሁሉ አለቀ። ሁሉም ክብ ሠርቶ ይጠብቀኛል። ሳላስበው ለሕፃን የሚጠየቀው መጣልኝ። እንቆቅልሽ አልኩት። ምን አውቅልህ አለኝ። ቀን ይሄዳል፣ ሌት ይሄዳል፣ ደከመኝ አይልም አልኩት። ሴቶቹ ገና ሳልጨርስ መሳቅ ጀመሩ፤ አንዷ ወንዝ ልትል አፏን ስትከፍት አያ ፈንቴ እጁን አንሥቶ ዝም አሰኛት። ስንጥሩን ከጥርሱ አውጥቶ መሬት ላይ ጣለው። ከዚያ አላውቀውም አለ። አገር ስጠኝ እንኳ ሳልለው ዘንገናን ሰጠሁህ አለኝ።

ደሜ ፈላ። ምጽዋት አልፈልግም አልኩት፤ ሕፃን የሚያውቀውን አንተ እንዴት ታጣዋለህ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ጨዋታው አብቅቶ ነበርና እርስዎ አለኝ።

«ይስሙኝ ጸሐፊው፣ እሷም ታውቀው ነበር። የጠየቅኋት ይህንኑ ነው።»

ቀስ ብሎ ነገረኝ። ዘንገናን በሰጠሽው ዕለት ጠዋት ከአገሩ መልእክት መጥቶለት ኖሯል፤ የቀረው የእህቱ ልጅ ሞቶ ቤቱም መሬቱም ወደ ሌላ እጅ አልፏል። ከእንግዲህ የማን አገር ሰው ነኝ እላለሁ ብሎሽ ነበር። ከሰዓት በኋላ እንቆቅልሽ ስትጫወቱ የወንዙን ጠየቀሽ። አላውቀውም አልሽው፣ ዘንገናን ሰጠሽው፣ ማሩንም ሰፈፉንም አንተው ውሰድ አልሽው። እሱም ደንግጦ ለጸሐፊውስ ምን ይተርፈዋል ቢልሽ የመለስሽለትን ነገረኝ።

«‹እሱማ ኖሮበታል› አለችኝ።»

የሻረግ፣ ደግነትሽን አጥቼው አይደለም። ነገሩ ገብቶኛል፤ ገብቶኝም ቀናሁ። በጨዋታ ተሸንፈሽ ሰጥተሽው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እያወቅሽ አላውቅም ያልሽው ለእሱ ነው። እኔን አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተሸነፍሽልኝም። በኖርኩበት አገር መኖሬን መቼ አጣሁት፤ ማገዶውን የፈለጥኩት፣ አጥሩን ያጠርኩት፣ ከሐይቁ የሚመጣውን ጉም ጠዋት ጠዋት ካንቺ ጋር ቆሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ብቻ አንድ ጊዜ አፍሽ ሰጠሁህ ሲል መስማት ፈልጌ ነበር።

ሁሉም ማሩ ለእኔ ሰፈፉ ላንተ እንድለው ይጠብቀኛል። ዘንገናን ካንተ እጅ አልቀበልም፣ ጫግኒን ስጠኝ፣ ሙቀቱ ለጉልበቴ ይሻለኛል አልኩት። ግቢው በሳቅ ተሞላ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ነጠላውን ወደ ዓይኑ አነሣ። ማታ ራት ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፣ እኔም ጠጋ አልኩለት። ይቅር ብዬዋለሁ ብለሽ እንዳትቸኩዪ፤ ብርድ ስለነበረ ነው።

ዘንገና እሱ ጋ ትቆይ። እኔ ጋ ብትሆን ኪሴ ከትቻት ዝም እል ነበር። እሱ ግን አገር በተጠየቀ ቁጥር እሷን አልሰጥም፣ የሻረግ የሰጠችኝ ናት ይላል፤ በየቀኑ ስምሽ በዚህ ግቢ ይነሣል። ባልሰማው ደስ ይለኛል፣ ሳልሰማው የዋልኩ ቀን ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንድ ቀን ለመጥራት ቢረሳ እኔ ራሴ ዘንገናን ስጠኝ ብዬ አስታውሰዋለሁ፤ ይህን ቃል እሰጥሻለሁ። ጠጠሮችሽንም ለማንም አላስነካም።

እኔም መምጣቴ አይቀርም። ስመጣ ገና ከደጃፍ እንቆቅልሽ እልሻለሁ። ቅዱሳኑ ሁሉ ቢሰሙም እርስዎ እንዳትይኝ፣ ምን አውቅልህ በይኝ። ከባድ አልጠይቅሽም፤ ያንኑ የወንዙን ነው። እባክሽ፣ መልሱን እንደማታውቂ ሁኚልኝ።

ባልሽ