የአንጎል ሞገድ መርማሪዋ የወይዘሮ ዓሊማ ሸፊ ዕረፍት

ከጉለሌ የነርቭ ሕክምና ክሊኒክ ሠራተኞች መረዳጃ እድር
ጥቅምት 1983 ዓ.ም.

እድራችን ለአባላቱና ለአካባቢው ሕዝብ የሚያሳውቀው መራራ ሐዘን አለው። የአንጎል ሞገድ መርማሪያችን ወይዘሮ ዓሊማ ሸፊ፣ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ በ51 ዓመታቸው አርፈዋል።

በ1966 ዓ.ም. የክሊኒኩን ብቸኛ የሞገድ መለኪያ ተረከቡ። የሚጥል ሕመም ያለባቸውን ልጆች ከቀጨኔ ይዘው የሚመጡ ወላጆች መሣሪያው ሐሳብ የሚያነብ እየመሰላቸው ይፈሩ ነበር። ወይዘሮ ዓሊማ ሽቦውን መጀመሪያ በራሳቸው ጭንቅላት ላይ ለጥፈው ያሳዩአቸው ነበር።

በ1971 ዓ.ም. የክሊኒኩ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ መዝገቡ አንድ በራሪ ጽሑፍ አነበበ። ከዚያ በፊትም በኋላም ሌላ ማንበቡን የሚያውቅ የለም። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የአንጎልን ምት ይለውጣልና የደከመ ወዛደር ፊት ቢበራ ምርት ይጨምራል ሲል ወሰነ። ለሙከራም ሾዴ የምትባል የክር ፋብሪካ ሠራተኛ አስመጣ። ወይዘሮ ዓሊማ ሞገዷን ቀድመው ሲለኩ የሚጥል ሕመም ምልክት አገኙ።

«ይህችን ልጅ መብራቱ ይጥላታል» አሉት።

«የአብዮት መብራት ማንንም አይጥልም፤ አብሪው!» አላቸው።

ወይዘሮ ዓሊማ የመብራቱን ገመድ ከግድግዳው ነቀሉት። በዚህም አሻጥረኛ ተብለው አሥራ አራት ወር ታሰሩ።

በታሰሩ በሳምንቱ ጓድ መዝገቡ ሙከራውን በራሱ ላይ አካሄደ። ሽቦዎቹን ጭንቅላቱ ላይ አስሮ ሌላውን ጫፍ መሣሪያው ላይ መሰካት ረሳ። ወረቀቱ ላይ የወጣው የኤሌክትሪክ መስመሩ ንዝረት ነበር። እሱ ግን «የነቃ አብዮታዊ አእምሮ» ብሎ ፈርሞ ወደ በላይ አካል ላከው፤ የበላይ አካልም ሜዳይ ሸለመው።

ወይዘሮ ዓሊማ ሲፈቱ ልብስ ማጠቢያ ተመደቡ። ዘጠኝ ዓመት አንሶላ አጠቡ። ወደ መሣሪያቸው የተመለሱት የፖለቲካ ኮሚቴው ባለፈው ዓመት ከመሥሪያ ቤታችን ከወጣ በኋላ ነው፤ ለአምስት ወር ብቻ። ሾዴ ግን በእሳቸው ምርመራ መሠረት መድኃኒት ጀምራ ዛሬ ጤነኛ ናት፤ የሁለት ልጆች እናትም ሆናለች።

ለባለቤታቸው ለአቶ ሙዘይን፣ ለልጃቸው ለቶይባና ለሥራ ባልደረቦቻቸው አላህ ጽናቱን ይስጥልን።

በቀብሩ ዕለት ጓድ መዝገቡ የስንብት ንግግር ላድርግ ብሎ ወረቀት ይዞ ቀርቦ ነበር። አቶ ሙዘይን «ዓሊማ ስትናገር አልሰማሃትም፤ እኛም አንሰማህም» ብለውታል። የእድሩም አቋም ይኸው ነው።