ጡቱ የልጄ፣ መልሱ የእኔ

ይድረስ ለተከበሩ የሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም፣ እሱም የእርስዎ ክፍል ገና ስላላየው ይሄዳል። እርስዎም ወንበርዎም ደህና እንድትሰነብቱ ዱዓዬ ነው። ስምዎን ያልጻፍሁት ለክብርዎ ስለምጠነቀቅ ነው፤ ራስዎን ካወቁ ይበቃኛል።

እኔ እንድሪስ ይማም እባላለሁ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቼ ኢሉባቦር የሰፈርሁ፣ ሚስቴን ቀብሬ ከልጄ ከነኢማ ጋር መቱ የምኖር ሽማግሌ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ስለሆነ መስመሬ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ የምስክር ወረቀቴ ግን እስካሁን ግድግዳዬ ላይ አለ፣ ሰው በጻፈልኝም ነገር ላይ ፈርሜ አላውቅም።

ነኢማ ሁሩሙ ገበያ ማር ትሸጣለች። አምና ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶ ያንን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተጉዘን እርስዎ ዘንድ ደረስን፤ ቆረጣችሁት፤ ልጄም ተረፈች። ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ምንም ቅኔ የለበትም። ከዚህ በታች ያለውን ምስጋና ግን እንደሚገባዎ አድርገው ይቀበሉኝ።

1ኛ/ ለሽበት ስላለዎት ክብር አመሰግናለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ልጄን ኮሪደር ላይ አስቀምጠው እኔን "አባባ፣ እርስዎ ይግቡ" ብለው ወንበር ሰጡኝ። በሽተኛዋ ውጭ፣ ጤነኛው ውስጥ። እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት በኢሉባቦር ከዳሪሙ እስከ ቡሬ አላየሁም፤ ቀበሌ እንኳ ቢያመላልስም የሚያመላልሰው ባለጉዳዩን ነው።

2ኛ/ ስለ ማብራሪያዎም አመሰግናለሁ። ጡቱ በሚቆረጥበት ቀን እዚያው ማደንዘዣ ላይ እንዳለች ከሆዷ ሥጋ ተወስዶ ሌላ ሊሠራላት እንደሚችል፣ ወይም መድኃኒቱና ጨረሩ እስኪያልቅ ተጠብቆ ኋላ ሊሠራ እንደሚችል፣ አንዱም ያለ ችግር እንዳልሆነ፣ ጨረር የነካው ቆዳም ኋላ እንደሚኮማተር አስረዱ። በትዕግሥት አስረዱ፣ ያስረዱት ግን እኔን ነው። እኔ ደግሞ ጡት የሚባለው ቃል ከልጄ ስም ጋር አብሮ ሲጠራ በዕድሜዬ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ ግማሹን አልሰማሁም። የሰማሁትም ግማሽ አልገባኝም። አልገባኝም ማለት ግን ከሞት ይብስብኝ ነበር።

3ኛ/ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። "ባል አላት?" አሉኝ። ፈትታ እኔው ጋ ነው ያለችው አልሁ። "እንግዲያማ አይቸኩልም፣ አይደል አባባ?" አሉኝ። ጡት በባል ስም የሚመዘገብ ንብረት መሆኑን ያን ቀን ከእርስዎ ተማርሁ። ተማሪውም ከመምህሩ አልተሻለም፤ ከዚያ ክፍል ቶሎ ልውጣ ብዬ "ኋላ ይደርሳል፣ ዋናው ነፍሷ ነው" አልሁ። የሽማግሌ ወግ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል። እርስዎም ደስ ብሎዎት ጻፉት። ኮሪደር ላይ "ምን አሉህ አባዬ?" ስትለኝ፣ "ይቆርጡታል፣ ትድኛለሽ፣ ሌላ ነገር የለም" አልኋት። ይህን ተራ ቁጥር ለእርስዎ ብቻ አልሰጥም፤ ትልቁ ድርሻ የእኔ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ላቋርጥ። በክረምቱ አንድ ቀን ከጓሮ ገመድ ላይ ጥጥ የተጠቀጠቀባት ትንሽ ጨርቅ አገኘሁና አሮጌ ነገር መስላኝ የጫማዬን ጭቃ ጠረግሁባት። ነኢማ መጣች፣ አየችኝ፣ ከእጄ ወሰደችና አጠበቻት። ከዚያ ወዲያ ገመዱ ላይ አላየኋትም፤ በዚህ ዝናብ እልፍኝ ውስጥ ነው የምታደርቃት። ለካስ ልጄ ገበያ ስትወጣ በጎደለው ጡቷ ፋንታ የምታደርጋት እሷን ኖሯል። ማር ስትመዝን የገዢው ዓይን ከሚዛኑ ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ እኔ አባቷ አስቤ አላውቅም ነበር። እርስዎ ያስባሉ ብዬም አልፈርድብዎትም፤ እኔ ነኝ አብሬያት የምኖር።

4ኛ/ ስላልረሱኝ አመሰግናለሁ። በቅርቡ ከክፍልዎ ሲስተር ዓያንቱ የምትባል ጨዋ ልጅ ደወለችልኝ፤ ለነኢማ ሳይሆን ለእኔ። "አባባ፣ የነኢማ ተራ ደርሷል፤ ቆዳው በጨረሩ ስለተኮማተረ አሁን ሥጋው የሚወሰደው ከጀርባዋ ነው፤ ይምጡና ይወስኑ" አለችኝ። ሥጋው ከእኔ ጀርባ የሚወሰድ ይመስል። እኔም ልማድ ሆኖብኝ "እንመክርበታለን" ብዬ ዘጋሁ፤ ከዚያም ለብቻዬ ስመክር ሰነበትሁ። ለልጄ ብነግራት መጀመሪያ ምርጫ እንደነበራት ታውቃለች፤ ባልነግራት ተራው ያልፋል።

በመጨረሻ ማር ስታጣራ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ጡት የሚለውን ቃል ሳልውጥ፣ ሁሉንም ነገርኋት። እጇን ከማሩ ሳታወጣ ሰማችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ በወደድሁ። "ብትጠይቁኝ ኖሮ እኔም ኋላ ይሁን እል ነበር ይሆናል" አለች። "ምን እል እንደነበር ግን አሁን እኔም አላውቀውም።" ይኸው ነው የወሰድንባት ጌታዬ፤ እርስዎ በአክብሮት፣ እኔ በእፍረት።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ከመዝገብዎ ላይ የእኔን ስልክ ሰርዘው የእሷን እንዲያስገቡልኝ፣ ስትመጣም ወንበሩን ለእሷ እንዲሰጡልኝ ነው። አሁን ይሠራልኝ ትላለች፣ ቆይቶ ትላለች፣ ወይም ከነጭራሹ አልፈልግም ትላለች፤ የትኛውን እንደምትል አልነገረችኝም፣ እኔም አልወተወትኋትም።

ዕድሜዎን ያርዝመው፣ እጅዎን ያጽናው፣ ጆሮዎንም እንደ እጅዎ ያድርግልዎ እያልሁ፣ ከእግርዎ ሥር ሳይሆን ከመቱ ከደጃፌ ላይ ሆኜ እጅ የምነሣ፣

እንድሪስ ይማም

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ነኢማ እንድሪስ፣ ለውሳኔ
ለእኔው ለእንድሪስ ይማም፣ ለመረጃ ብቻ

ማስታወሻ፦ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ለነኢማ ሰጠኋትና አነበበችው። ስትጨርስ "ይህንንም ሳትጠይቀኝ ነው የጻፍኸው" አለችኝ። እውነቷን ነው። እንግዲህ አፍሬም ቢሆን ጠየቅኋት፤ እሷም አስባበት፣ አድራ፣ "ይውጣ" አለች። የተከበሩ ዶክተር፣ ለመጠየቅ ማደንዘዣ አያስፈልግም፤ እኔ ሽማግሌው ችየዋለሁና እርስዎ በዚያ ሁሉ ትምህርትዎ አያቅትዎትም።