ያከሸፍኳቸው ሽማግሌዎች

ውዴ ታደሰ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። ነቀምቴ ዝናቡ በርትቷል፣ ጣሪያችንም አሁንም ያፈሳል። ልጃችን ሲፈን ተመርቃ አምቦ ሥራ ይዛለች። አንድ ነገር ግን ከሌላ ሳትሰማ ከኔ ስማ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ ተልኮብኛል።

ላኪው ጣውላ ነጋዴው ኦቦ ዲንሳ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱባቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የመጡ ቀን ገና ከመቀመጣቸው በቅቤ የራሰ ጭኮ አቀረብኩላቸው። ደንቡን ታውቃለህ፣ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር እህል አይቀምስም፤ ከቀመሰ ደግሞ የዚያን ቀን ጉዳዩን አያነሳም። እኔ ግን የታደሰ ሙት ዓመት መታሰቢያ ነው አልኳቸው። ይህን እምቢ የሚል ማን አለ? ሙት ዓመትህ ካለፈ መቆየቱን ያሰበ አልነበረም። በሉ፣ መረቁኝ፣ ስለ በቆሎው አወሩና ሄዱ። ሁለተኛ ሲመጡ ልደቱ ነው አልኳቸው። አንተ እንኳን ልታከብረው የተወለድክበትን ቀን በቅጡ አታውቀውም ነበር። አሁንም በሉ። እንዲያውም ሰዎቹ ጭኮውን ሳይወዱት አልቀሩም።

ይህን ብልሃት ያየሁት ጉቴ ከተማ፣ አባቴ ቤት ነው። ያንተን ሽማግሌዎች ሁለቴ አብልቶ ሸኝቷቸዋል። ያኔ እኔ በተሰባበረ አማርኛዬ "አልተሳካልህም" ብልህ አስተማሪው ታደሰ ወዲያው አረምከኝ። ያልተሳካ ነገር በራሱም ጊዜ ሊበላሽ ይችላል፤ ከሸፈ ሲባል ግን ማን እንዳከሸፈው ጠይቂ አልከኝ። በሦስተኛው ጊዜ ሽማግሌዎችህ ደጃፍ ላይ እንደቆሙ ጉዳያቸውን ተናገሩ፣ አባቴም ሳቀና ሰጠህ።

ባለፈው ሳምንት ሲፈን ደወለች። የኦቦ ዲንሳ ነገር ከሸፈ ብላት፣ "ማን አከሸፈው፣ እማ?" አለችኝ፣ ቁርጥ አንተን። እውነቱን ልንገርህ ታደሰ፣ ብቸኝነቱ ከብዶኛል። ለአንድ ሰው ራት መሥራት እስከ ዛሬ አልቻልኩበትም፣ ሁልጊዜ ይተርፈኛል። ሰውየውም ክፉ አይደሉም።

እሑድ እንደገና ይመጣሉ። አሁን የመጡበትን እስኪናገሩ ጭኮ ሳላቀርብ እሰማቸዋለሁ፣ ምናልባትም እሺ እላለሁ። አንተን ግን አልረሳህም። ፎቶህ ከሳሎኑ ግድግዳ እንደማይወርድ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። አቧራውን በየቅዳሜው የሚወለውሉልህም ኦቦ ዲንሳ ይሆናሉ።

ያንተው ለሊሴ