በእርሳስ የተጻፈ ስም

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

ዛሬም ታምሜያለሁ አልኩ። አልታመምኩም።

ይኸው፣ ጻፍኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስተኛዬ ነው። በንግግር ማኅበራችን ተራዬ በደረሰ ቁጥር ማክሰኞ «አለሁ» እላለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት «ወባ ያዘኝ» ብዬ በስልክ መልእክት እልካለሁ። ዛሬ የዶሮዎቹን በር ጠገንኩ። አሳ ጠብሼ በኡጋሊ፣ በበቆሎ ገንፎ፣ በላሁ። ጤነኛ ሰው የሚሠራውን ሁሉ ሠራሁ።

ፐርፔቱዋ ወዲያው መለሰች። «ይማርዎት የአኬሎ አባት። ቦታዎን እኔ እሸፍነዋለሁ።» በልጄ ስም ነው የምትጠራኝ፤ ማን መቼ እንደሚናገር የምትደለድለው እሷ ናት።

ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተንበረከክሁ። ምን ብዬ ልጀምር? የውሸት ወባዬን ማርልኝ?

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ኪቡዬ ገበያ፣ ፐርፔቱዋ ሱቅ ጎራ አልኩ። የተማሪ ልብስ ትሰፋለች። የፕሮግራሙ ደብተር ከስፌት መኪናው አይለይም። ስም ሁሉ መጀመሪያ በእርሳስ ይገባል፤ ሰውየው እስከ ማክሰኞ «አለሁ» ካለ በእስክሪብቶ ትደግመዋለች።

«በእርሳስ ያለ ሰው ምኞት ነው» አለችኝ እየሳቀች። «በእስክሪብቶ ያለ ሰው ወንበር ነው፤ ይቀመጡበታል።»

«እምቢ የሚልሽስ?»

«እምቢታ መቼ ገደለኝ? የቅዳሜ ጠዋት እምቢታ ነው የሚገድለኝ።»

ስሜ ስድስት ቦታ አለ። ስድስቱም በእስክሪብቶ። ስድስቱም ተሰርዘዋል። ልነግራት አፌን ከፈትኩ... ስለ ዝናቡ አወራሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 10

በማኅበሩ ስብሰባ ሰዓት ያዥ ነበርኩ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካርድ ማንሳት፤ ቀዩ «ጊዜህ አለቀ» ነው... አፍ የማይጠይቅ ሥራ።

ሊቀ መንበራችን ኦጁዋንግ በእንግዶች ፊት «የፐርፔቱዋ ፕሮግራም የአሳ መረብ ነው፤ ከክሩ ቀዳዳው ይበዛል» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

«የባርናባ ወባ ነው» ብላ በእኔ ማሳበብ ትችል ነበር። አላለችም። በወሩ መጨረሻ ምርጫ አለ፤ ቦታውን ሊነጥቋት ነው። «ይህ ደብተር ባይኖር ስሜን የሚጠራ ሰው የለም» ብላኝ ታውቃለች።

እሑድ፣ ሜይ 11

ስብከቱ አልገባኝም። ሐሳቤ የባለቤቴ የሪስፓ ቀብር ላይ ነበር። እኛ ዘንድ ቀብር ላይ ሁሉም ይናገራል፤ አማች፣ ጎረቤት፣ የጸሎት ሴቶች፣ በመጨረሻ ባል። ማይኩን ሰጡኝ። ያዝኩት... ያዝኩት... ለወንድሟ መለስኩለት። እህቷ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሠላሳ አራት ዓመት አብራው ኖራ አንድ ቃል ነፈጋት!» አለች።

ማኅበሩ የገባሁት ለዚያች ቃል ነበር። ተራዬ ሲደርስ ግን ያ ማይክ ይታየኛል።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ለፐርፔቱዋ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቀደድኩት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

ነገርኳት። የስፌት መኪናውን አቆመች።

«ስድስቱንም?»

«ስድስቱንም።»

«አንዴ እኮ ሾርባ ልኬልዎት ነበር!»

«ጠጣሁት።»

ልትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። «አልችልም ቢሉኝ ምን አደርግዎት ነበር?»

የቀብሩን ነገር ነገርኳት። ከዚያ «ለሜይ ሠላሳ አንድ ጻፊኝ» አልኩ። በእርሳስ ጻፈች። እስክሪብቶው እዚያው አጠገቧ ነበር...

«ዛሬ ማክሰኞ ነው። አለሁ እያልኩሽ ነው» አልኩ።

«እስክሪብቶውን ቆመው ሳይዎት» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 31

ፐርፔቱዋ ተሸነፈች። አሥራ አንድ ለዘጠኝ።

ምርጫው ከንግግሮቹ በፊት ነበር። ሌሊቱን ስጸልይ ያደርኩት ለንግግሬ ነበር፤ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ግን እጄ ሳላዘው ተነሳ። ኦጁዋንግ «የአኬሎ አባት፣ ተራዎ አራተኛ ነው፤ ይቀመጡ» አለ። አልተቀመጥኩም። «ቀዳዳው እኔ ነኝ» አልኩ። ስድስቱን ቅዳሜ፣ ወባውን፣ ሾርባውን... ሁሉን ተናዘዝኩ።

ኦጁዋንግ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ስድስት ጊዜ የታለለች ሴት ደብተር ልትይዝ ነው?»

በእኔው ኑዛዜ መቷት። አምላኬ፣ ቀድሜ ብናገር ኖሮስ? ባለፈው ዓመት?

ደብተሩን ለአዲሱ ሰው ልትሰጥ ስትል «አንዴ» አለችው። እስክሪብቶዋን አወጣች። ስሜ ላይ ጎንበስ ብላ ቀስ ብላ ጻፈች። ከዚያ ሰጠችው። ቀና ብላ ግን አላየችኝም።

አራተኛ ሆኜ ተጠራሁ። ወጣሁ። ማይኩን ሰጡኝ። ያዝኩት።

የመጀመሪያዋ ቃል «ሪስፓ» ነበረች። ቀዩ ካርድ እስኪነሳ ድረስ አልመለስኩትም።