ያልተገረዘው ወይን

አምበር፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአለበል፤ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፣ የሰው አገር ብርድ አይንካህ። እኔ አለሁ። እህትህ ስሜነሽ ሴት ልጅ ወልዳለች።

ልጄ፣ የወይን ጠጅ ትምህርትህን ስትጨርስ እዚያው ፈረንሳይ ቀርተህ፣ ወይን አልሚዎችን እየዞርህ ለመምከር የአባትህን ፈቃድ ጠይቀሃል። ያለፉትን ሁለት ደብዳቤዎች በስማቸው ያስጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ፈቃድ ግን እሳቸውን ሆኜ ልሰጥህ አልቻልሁም። አባትህ ቄስ ታረቀ በጥቅምት አርፈዋል። ፈተናህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ደበቅሁህ። ይቅር በለኝ።

አንተ ከላክኸው ችግኝ ያደገውን ወይን ዓምና እንዳዘዝኸው ቅርንጫፉን እየቆረጡ ሲገርዙት፣ «ገደልሁት መሰለኝ» ብለው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም። አፈራላቸው። ዘቢቡንም በገዛ እጃቸው አድርቀው አኖሩት። በአርባቸው ለቅዳሴ የተጨመቀው እሱ ነው፤ እኔም ቆረብሁበት።

ይህን ብቻህን ሆነህ ካነበብኸው ተነሥተህ ያገር ልጅ ዘንድ ሂድ፤ ብቻህን አታልቅስ።

ሥራውን አልከለክልህም፤ የሁለታችንም ምርቃት ይከተልህ። የእኛ ወይን ግን ዘንድሮ አልተገረዘም። መቀሳቸውን ይዤ ወጣሁና የቱን እንደምቆርጥ ስላላወቅሁ መልሼ ሰቀልሁት። አንድ ጊዜ ብቻ መጥተህ አሳየኝ።

እናትህ አመተ ማርያም