አየሩ በየት ይውጣ

ሰኞ፣ ግንቦት 5፣ ረፋድ

ገመቹን አጠብኩት። ቁርሱን አበላሁት። ኮምፒውተሩን አበራሁ፣ የጊንጪውን ሠርግ ቪዲዮ ሬንደር አስጀመርኩ፣ የተቀጣጠለው አንድ ፊልም ሆኖ እንዲወጣ። ገና ሩቡ ሳይደርስ ማሽኑ ድርግም። መብራት አልሄደም፣ አምፖሉ በርቷል። ሳጥኑን በእጄ ነካሁት፤ ያቃጥላል።

ድሮ ቢሆን “ገሜ፣ ና እየው” ብዬ እጣራ ነበር። አሁን ባሌ እዚሁ ስቱዲዮው ውስጥ፣ ከማሽኑ ጎን፣ አልጋ ላይ ሆኖ ያየኛል። የካቲት ላይ ስትሮክ ጣለው። ቀኝ እጁም ቀኝ እግሩም አይታዘዙትም። አማርኛውም አብሮ ሄደ። የቀረው ጉደር ልጅ ሆኖ የተናገረው ኦሮምኛ ነው፣ እሱም ቃል ቃል እየሆነ። እኔ የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ፣ ኦሮምኛዬ ከገበያ አያልፍም። ትዳራችን በሙሉ በአማርኛ ነበር።

እና ለማን ልንገረው፣ ደብተሬ? ለአንቺ ነዋ።

እዚያው ቀን፣ ከሰዓት

አዴ ድርቤ ደወሉ። የሙሽራዋ እናት ናቸው። ሠርጉን ጥር ላይ ገመቹ ቀረጸው፤ ከመታመሙ በፊት የመጨረሻ ሥራው ነው። የእሳቸው እናት ደግሞ ሚያዝያ ላይ አረፉ። በሠርጉ ቀን ሙሽሮቹን የመረቁት እኚያ አሮጊት ናቸው። መታወቂያቸው ላይ ካለችው ፎቶ በቀር ሌላ ምስል የላቸውም። አርባቸው ቅዳሜ 17 ነው። አዴ ድርቤ አልተቆጡኝም፣ አላጣደፉኝም። “ከቻልሽ” ብቻ አሉ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ቀረጻውን ሳይሠራ እንዳለ እንዳልሰጣቸው፣ ድምፁ በሌላ መቅጃ ነው የተያዘው። ካልተገጣጠመ አሮጊቷ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

በማሽናቸው እንዲያወጡልኝ ሌሎቹን ስቱዲዮዎች ለመንኩ። የሠርግ ወር ነው፣ ማሽናቸው ሥራ አይፈታም። እውነታቸውን ነው።

የገመቹን አልጋ ወደዚህ ሳስገባ ሳጥኑን ከጥግ ወሽቄው ነበር፣ ጀርባውን ከግድግዳ አጣብቄ። ዛሬ ወደ መሃል አወጣሁት። የጎን ክዳኑን ከፍቼ የቤቱን ቬንትሌተር ደቀንኩበት። ግማሽ ደረሰ። ደስ አለኝ። ከዚያ ድርግም።

ውስጡ አቧራ ብቻ ነው። እንደ ሱፍ ተጠቅልሏል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ

ክፉ ቀን።

ቪዲዮ ቆርጦ መቀጠሉን ገመቹ አስተምሮኛል። የማሽኑን ሆድ ግን ነክቼ አላውቅም። ዛሬ ካቻቢቴውን አነሳሁ። ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት የማቀዝቀዣ ፋኖች ፈታሁ፣ የኋላውንም ፈታሁ። በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ፣ ክንፎቻቸውን በጨርቅ አበስኩ። አምረው ነበር። መልሼ ሳስር ገመቹ ከአልጋው “ባሃ! ባሃ!” ይል ጀመር።

ባሃን አውቃታለሁ፤ ይወጣል ማለት ነው። መውጣት የፈለገ መሰለኝ። አቅፌ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ እየገፋሁ በረንዳ አወጣሁት። “ይኸው ወጣህ፣ ንፋስ ተቀበል” አልኩት። በግራ እጁ የወንበሩን ክንድ መታው። ደግሞ መታው። ከዚያ አለቀሰ።

ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም፤ አባቱ ሲሞቱ እንኳ። አጠገቡ ቁጭ ብዬ ምን እንደበደልኩት አሰብኩ። አላገኘሁትም።

ማሽኑ ብሶበታል። አሁን ሲጀምር ነው የሚጠፋው።

ዓርብ፣ ግንቦት 9

ሆስፒታል ሄድን፣ የእጅና የእግር እንቅስቃሴ ቀጠሮው ነበር። ሳሠራው አብሬ “በአማርኛ በለው፣ ገሜ፣ ውሃ በል” እለዋለሁ ሁልጊዜ። ባለሙያዋ ሰማችኝ። በመጣለት ቋንቋ ይናገር፣ አታስጨንቂው አለችኝ። አማርኛው ይመለስ እንደሆነ ጠየቅኋት። አላውቅም አለች። አለማወቋን ደፍራ ስለነገረችኝ አመሰገንኳት። 

እሑድ፣ ግንቦት 11፣ ከቅዳሴ መልስ

ደብተሬ፣ ገባኝ!

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያቺን የሐሙሷን ቃል ራሴ አነሳኋት። “ማልቱ ባሃ?” አልኩት፣ ምንድን ነው የሚወጣው ለማለት። ትክክል ልበል አልበል እንጃ። ትክ ብሎ አየኝ። “ቂሌንሳ” አለ።

ቂሌንሳ... አየር! እሱ መቼ መውጣት ፈለገ። አየሩ ይውጣ ነው የሚለኝ!

ከፋኖቹ ጀመርን። ወንበሩን ከማሽኑ ጎን አቆምኩለት። በግራ እጁ ሶፍት ጠቆመኝ። ቀድጄ በቀጭኑ ከፊተኛው ፋን አጠገብ ያዝኩ። ሶፍቱ ወደ ውስጥ ተሳበ። “ሴና” አለ፣ ይገባል። ወደ ኋላው አዞርኩት። እዚያም ወደ ውስጥ ተሳበ። ገመቹ ራሱን ነቀነቀ። “ለኪ። ባሃ።” አይደለም፣ ይውጣ ማለቱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሳስር የኋላውን ገልብጬዋለሁ። ሦስቱም አየር ያስገባሉ፣ የሚያስወጣ የለም። ሙቀቱ እዚያው ታፍኖ ይዞራል። ይህንን እያየ፣ ንፋስ ተቀበል ተብሎ በረንዳ ተወሰደ።

ፊቱን በእጆቼ ያዝኩት። 

ሰኞ፣ ግንቦት 12

የኋላውን ፈትቼ አገላበጥኩ። ፋኑ መሃሉን በሦስት በአራት እግር የያዘ ፊት አለው፤ ንፋሱ በዚያ በኩል ነው የሚወጣው። ይህንን ቃል ሳይኖረው በጣቱ አሳየኝ። ሶፍቱን ያዝኩ፤ ወደ ውጭ ተርገበገበ። “ቶሌ” አለ፣ ተስተካከለ እንደማለት።

አልጨረሰም። ፊት ለፊት የተዝረከረከውን ሽቦ አሳየኝ፤ የንፋሱን መንገድ የዘጋው እሱ ነው። ሰብስቤ በጎኑ በኩል አሰርኩት። የጎን ክዳኑን ክፍቱን ልተወው ስል “ለኪ!” አለ፤ አይሆንም፣ ዝጊው ማለቱ ነው። ለካ ክፍት ሲሆን ከፊት የገባው ንፋስ ሳይሻገር በጎን ያመልጣል። እኔ ብከፍተው የሚተነፍስ መስሎኝ።

ብሎን ጣቴን ቧጨረኝ። “ውይ” ስል ሳቀ። በግማሽ ፊቱ፣ ግን ሳቀ።

ሬንደር ጀመረ። ሩብ። ግማሽ።  ባለፈው ከጠፋበት ቦታ አለፈ። ከዚያ የሰፈሩ መብራት ሄደ! ምን ይባላል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 13

መብራት መጣ፣ ሬንደሩ አለቀ። ሳጥኑን ነካሁት፤ ለብ ብሏል፣ ያ ብቻ። ከኋላው እጄን ዘረጋሁ፤ ሙቁ አየር ይወጣል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 15

ከመውሰዴ በፊት አብረን አየነው። አሮጊቷ በትራቸውን ተመርኩዘው ይመርቃሉ፣ በኦሮምኛ። ግማሹ አይገባኝም። በየመሃሉ ሲያርፉ የሠርጉ ሰው “ሃ ተኡ” ይላል፣ ይሁን እንደማለት። ከጀርባዬ አንድ ድምፅ አብሮ “ሃ ተኡ” አለ። ዞርኩ። ገመቹ ነው። ቃሉ ሳይሰበር፣ ጥርት ብሎ። ምርቃቱ እስኪያልቅ አንዱን አላሳለፈም።

 

ቅዳሜ፣ ግንቦት 17፣ ከጊንጪ መልስ

የገመቹ እህት ለሊሴ ከጉደር መጥታ እሱን ያዘችልኝ። እኔ ጊንጪ ሄድኩ።

ሰው ከበላ በኋላ ቪዲዮው ቲቪው ላይ ተሰካ። የአሮጊቷ ድምፅ ወጣ። አዴ ድርቤ “አጥፉት” ብለው ወጡ። ማንም አልተከተላቸውም። ስህተት የሠራሁ መሰለኝ፣ ጌታዬ፣ ለምን አመጣሁት አልኩ። ቆይተው ተመለሱ። ፊታቸውን ታጥበዋል። ከቲቪው ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ። “ከመጀመሪያው” አሉ። አያሌ ጊዜ አየነው። ስወጣ እጄን ይዘው ስለ ገመቹ ጠየቁኝ። እሱ ነው የሠራው አልኳቸው።

ቤት ስደርስ በሩ ላይ ቆምኩ። ውስጥ ሰው ያወራል። ለሊሴ ስለ ልጅነታቸው ታወራለች፣ ገመቹ ይመልሳል። ከየካቲት ወዲህ ከሰማሁት ሁሉ የበዛ ቃል። ቀናሁ፣ ደብተሬ። በእህቱ ላይ ቀናሁ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ቆሜ ሰማሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 18፣ ጧት

“እንዴት አደርክ” አላልኩትም። “አከም ቡልቴ” አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ቆይቶ መለሰልኝ፤ ከዚያም የጨመረው ነገር ነበር፣ አልያዝኩትም። “ደግመህ በለው” አልኩ። ደገመው። አሁንም አልያዝኩትም። አልተቆጣም።

ለሊሴን ለምኛታለሁ፤ በየእሑዱ እየመጣች ልታስተምረኝ ተስማምታለች። አማርኛው ይመለሳል እያልኩ ደጅ ደጁን ማየቴን ትቻለሁ። ከመጣ በደስታ። እስከዚያ እኔ ወዳለበት እሄዳለሁ።