ያልቀረብኩበት ቀን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፤

ይህ ወረቀት በጤና ያግኝዎ። እኛስ ከናፍቆትዎና ከአናጢ ቤቱ ሰጋቱራ በቀር ደህና ነን።

አንድ ባለሆቴል “በሮቼ በውላችን ቀን አልደረሱልኝም” ብሎ ከሶኝ ነበር። መጥሪያውን ፈርሜ ተቀበልኩና ጀርባው ባዶ ስለነበር የሌላ ደንበኛ መስኮት ልክ ጽፌበት ምስማር ላይ ሰካሁት። ቀጠሮው አለፈና በሌለሁበት ተፈረደብኝ። ባለቤቴ “የሰው በር ስትገጥም የራስህን ልታዘጋ ነው” አለችኝ።

ፍርዱ እንዲነሳልኝ አመልክቻለሁ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ “በምን ምክንያት ቀረህ?” ስትለኝ የመስኮቱን ነገር መናገር አሳፈረኝ። አንገቴን ደፍቼ ሌላ ምክንያት ጻፍኩና ማልኩበት። ዳኛው ማክሰኞ ያዩታል፤ ማስረጃም ይጠይቃሉ አሉ።

ለመሆኑ ጋሼ፣ በዚያች በቀጠሮዬ ሳምንት ትንሽ አሞዎት አልነበረም? እኔስ አጠገብዎ አልነበርኩም? እስቲ ደህና አድርገው ያስታውሱ።

ዕድሜና ጤናውን ይስጥዎት፤ ያቺን አንዲት ሳምንት ግን ይቅር ይበሉኝ።

ታናሽ ወንድምዎ